በጎልማሳነት ዕድሜ ሃይማኖትን በንባብና በትምህርት ስለ ማጽናት

ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ደሴ፣ በሰፈራችን ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ከልጅነት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ሙስሊም ጎረቤቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ሥላሴ ጠየቀኝ። ለክርክር አልነበረም፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔም በሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን የፀሐይን ምሳሌ፣ ክበቡን፣ ብርሃኑንና ሙቀቱን ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝና «ታዲያ ሰው የሆነው ከሦስቱ አንዱ ብቻ ከሆነ አንድነቱ እንዴት አልተከፈለም?» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። የ46 ዓመት ሰው ነበርኩ። ቅዳሴ አላስታጉልም፣ ጾም አልሽርም፤ ስለ እምነቴ የነበረኝ እውቀት ግን የ12 ዓመት ልጅ እውቀት ነበር።

ይህን የምጽፈው እንደዚያን ዕለቱ እኔ ላሉ ሰዎች ነው፤ ቤተ ክርስቲያንን ለማይለቁ፣ ነገር ግን ትምህርታቸው በልጅነት ላቆመ። የምናገረው ከራሴ የተዋሕዶ ልማድ ተነሥቼ ስለሆነ የመጻሕፍቱ ስም የዚያው ቤት ነው፤ የሌላ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ለሆነ አንባቢም ቢሆን አካሄዱ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። አካሄዱ ባጭሩ ይህ ነው፦ ጥቂት መጽሐፍ፣ በየቀኑ፣ ድምፅ አውጥቶ፣ እየደጋገሙ፣ በመምህር ፊት።

ከምን ይጀመራል?

እኔ የጀመርኩት በስሕተት ነበር። ከለቅሶው ቤት በተመለስኩ በሳምንቱ ሃይማኖተ አበውን ገዛሁ። ይህ መጽሐፍ የብዙ ሊቃውንት ቃል የተሰበሰበበት፣ በ16ኛው ምእት ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ታላቅ መጽሐፍ ነው። ጥቂት ገጾች አንብቤ ዘጋሁት፤ ሁለት ዓመትም መደርደሪያ ላይ አቧራ ለበሰ። ጥፋቱ የመጽሐፉ አልነበረም። አባቶች የጻፉት ለተነሣባቸው ጥያቄ ነው፤ በትምህርታቸው የተወገዙት አርዮስና ንስጥሮስ ምን እንዳሉ የማያውቅ ሰው መልሱን ቢያነብ የተመለሰለትን ጥያቄ አያውቀውም።

የአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። በንባብ ቤት ልጁ ፊደሉንና አቡጊዳውን ከለየ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ከዚያ ወንጌለ ዮሐንስን፣ ከዚያም ዳዊትን ያነባል። ጎልማሳም ቢሆን በዚሁ ቅደም ተከተል ቢሄድ የተሻለ መንገድ አላየሁም። አንደኛው የዮሐንስ መልእክት አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ምዕራፍ ያንብቡ፤ ቅዳሜ አምስቱንም በአንድ ቁጭታ ይድገሙት፤ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ይህንን ለአራት ሳምንት ሳይለውጡ ያድርጉት። በመጀመሪያው ሳምንት ቀላል ይመስላል፤ በሁለተኛው ይሰለቻል፤ በሦስተኛው መናገር ይጀምራል። በምዕራፍ 1 ቁጥር 8 ላይ ኃጢአት የለብንም የሚል ሰው ራሱን እንደሚያስት ይነግረናል፤ በምዕራፍ 3 ቁጥር 9 ላይ ደግሞ ከእግዚአብሔር የተወለደ ኃጢአት እንደማያደርግ ይነግረናል። አንድ ሐዋርያ፣ አንድ መልእክት፣ ሁለት ገጽ የማይሞላ ርቀት። በችኮላ ያነበበ ሰው ይህን አያየውም፤ አራት ሳምንት የደጋገመ ሰው ግን ሊያልፈው አይችልም። ጥያቄው ሲመጣ መልስ ለመፈለግ አይቸኩሉ፤ ደብተር ላይ ያስፍሩትና ለመምህር ያቆዩት።

ከዚህ በኋላ ወደ ወንጌለ ዮሐንስ 21 ምዕራፎች፣ ቀጥሎም ወደ ቀሩት ይሻገራሉ። ከማቴዎስ እስከ ራእይ ያሉት ምዕራፎች 260 ናቸው፤ በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው ከዘጠኝ ወር ባነሰ ጊዜ ይጨርሳቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ሲገዙም ማውጫውን ይመልከቱ፤ ቤተ ክርስቲያናችን 46 የብሉይና 35 የሐዲስ፣ በድምሩ 81 መጻሕፍት ስትቆጥር ብዙዎቹ የአማርኛ ኅትመቶች ግን 66ቱን ብቻ ይዘዋል። ሄኖክንና ኩፋሌን የሚፈልግ ሰው 81 የሚለውን ለይቶ መጠየቅ አለበት።

ዳዊት ግን ከሌሎቹ ጋር ተራ አይጠብቅም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጎን ይሄዳል። በአባቶች ሥርዓት 150ው መዝሙር ለሳምንቱ ቀናት የተከፈለ ሲሆን የሰኞው ድርሻ ብቻ ከ1 እስከ 30 ነው። ሠራተኛ ሰው ይህን እችላለሁ ብሎ ቢነሣ በሦስተኛው ሳምንት ይተወዋል፤ ብዙ ሰው ሲተወው አይቻለሁ። አሥሩ መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ በቀን አንድ ንጉሥ ቢደርስ በ15 ቀን ያልቃል። ይህም ከከበደ ሁለት ሁለት መዝሙር ይበቃል። የማይበቃው ዛሬ ሠላሳ አድርሶ ነገ መዝለል ነው።

ጊዜና ቦታ

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ብዙ ጎልማሶችን ያሳፍራል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ግን የንግሥቲቱን ገንዘብ ሁሉ የሚያዝ ባለሥልጣን ነበር፤ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብም ፊልጶስ በጆሮው ሰማውና የምታነበውን ታስተውላለህን ብሎ ጠየቀው። በለሆሳስ ቢያነብ ኖሮ ያ ጥያቄ ባልቀረበለት። ድምፅ ዓይንን ይገታል፤ ዓይን የሚዘለውን ቃል አፍ አይዘለውም።

ሰዓቱን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ንጋት ነው። ክረምት ላይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ እስከ ደጃፋችን ወርዶ፣ ቤቱ ሁሉ ተኝቶ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አልጋ ላይ ማንበብ ለእኔ አልሆነኝም፤ ሦስት ቁጥር ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ሻማና ክብሪት መጽሐፉ አጠገብ ያስቀምጡ፤ ሻማ ፍለጋ የተነሣ ሰው ተመልሶ አይቀመጥም። ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ በሚኒባስ ስመላለስ ለማንበብ ሞክሬ ነበር፤ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ግን ለዓይንም ለሆድም አይመችም። ስለዚህ መንገዱን በቃል ለመያዝ ሰጠሁት። ንጋት ላይ ካነበብኩት አንድ ቁጥር መርጬ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፣ ሃያ ከምናምን ኪሎ ሜትር፣ በልቤ እደጋግመዋለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ በቃል የያዝኩት፣ ከዚያ በፊት በነበረኝ ዕድሜ ሁሉ ከያዝኩት ይበልጣል።

መምህር ስለ ማግኘት

ጃንደረባው የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት አስተውላለሁ ብሎ መለሰ። ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለባቸው የንስሐ አባትዎ ናቸው፤ እርሳቸው ጊዜ ባይኖራቸው እንኳ በደብሩ ካሉት መምህራንና መሪጌቶች ማን መጽሐፍ እንደ ተማረ ያውቃሉ። መጻሕፍት ቤት የዋለ መምህር ብሉይን፣ ሐዲስን፣ ሊቃውንትን ወይም መጻሕፍተ መነኮሳትን ከነትርጓሜያቸው የተማረ ነው፤ የተማረበትን ጉባኤ ቤት መጠየቅም ነውር የለበትም። ሲሄዱ «ሃይማኖት ያስተምሩኝ» ብለው አይሂዱ፤ ይህ ለማንም መምህር የሚከብድ ልመና ነው። ደብተርዎን ይዘው፣ ምዕራፍና ቁጥር የተጻፈበት አንድ ጥያቄ ያቅርቡ። እኔ የዮሐንስን መልእክት ጥያቄ ይዤ ስቀርብ መምህሬ ብዙ አላብራሩም፤ «ልጄ፣ መውደቅና ወድቆ መቅረት አንድ ነው ወይ?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ። በዚያች ጥያቄ ላይ አንድ ሳምንት ቆየሁ።

የትርጓሜ መጽሐፍን ማንበብ የሚቻለውም ከዚህ በኋላ ነው። አንድምታ የሚባለው ይህ ትርጓሜ ራሱን የቻለ አነባበብ አለው። አስቀድሞ የግእዙ ንባብ ይመጣል፤ ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙ፤ ከዚያ ሐተታውና ታሪኩ፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላ ሌላ ትርጓሜ ይጨምራል። ጀማሪ አንባቢ አንድ ቃል ሦስትና አራት ጊዜ ሲፈታ ሲያይ ሊቃውንቱ ያልተስማሙ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። «አንድም» የሚለው የፊተኛውን አይሽረውም፤ ትርጓሜውን ያሰፋዋል። ስለዚህ ሲያነቡ በመጀመሪያ ነጠላ ትርጉሙን ብቻ ይዘው ይሂዱ፤ ሲመለሱ አንድሙን ያንብቡ።

ጥቂት ግእዝ ማወቅም ይረዳል፤ ቅኔ ቤት መግባት ሳያስፈልግ ነው የምለው። አንድ ምሳሌ ላሳይ። እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለው መዝሙር በግእዙ ዳዊት 22ኛው ሲሆን በብዙ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች 23ኛው ነው፤ ልዩነቱ የመጣው በግእዙ 9ኛውና 10ኛው እንደ አንድ መዝሙር ስለሚቆጠሩ ነው፤ ስለዚህ ቁጥር ባይገጥም አይደናገጡ። በዚያ መዝሙር መክፈቻ ላይ «ይሬዕየኒ» የሚል ቃል አለ። በዐይኑ «ዕ» ሲጻፍ ከ«ረዐየ» የወጣ ሆኖ መጠበቅን፣ ማሰማራትን ያመለክታል። በአልፋው «እ» «ይሬእየኒ» ተብሎ ቢጻፍ ግን ከ«ርእየ» የወጣ ይሆንና ያየኛል ማለት ይሆናል። በአማርኛ ንግግራችን ሁለቱ ፊደላት አንድ ድምፅ ስለሆኑ ጆሮ አይለያቸውም። እኔ ይህን እስክማር ድረስ በአንዲት ፊደል ስንት ነገር እንደሚለወጥ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዳዊትን በፍጥነት ማንበብ አልቻልኩም።

ትምህርተ ሃይማኖት

ንባቡ ዓመት ያህል ከሄደ በኋላ ትምህርቱን በመልክ በመልኩ መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ የውጭ ፍልስፍና አያሻም፤ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር አሉን፦ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። ለያንዳንዱ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይስጡት።

ከአዕማዱ ጋር ጸሎተ ሃይማኖትን እንደ መማሪያ ይያዙ። በየቅዳሴው የምንለው፣ ከልጅነት ጀምሮ በቃል የያዝነው ጸሎት ነው፤ ስለዚህም ሳንሰማው እንላለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት ያጸኑት፣ በዚያው አቆጣጠር በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150ው ስለ መንፈስ ቅዱስ የጨመሩበት ነው። በሳምንት አንድ ሐረግ ብቻ ይውሰዱ። «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» የሚለውን ቢወስዱ፣ በመጀመሪያ ይህ ሐረግ የማንን ንግግር እንደሚመልስ ይጠይቁ፤ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን የአርዮስን ነው። ቀጥሎ ከመጽሐፍ ቅዱስ ምስክሩን ይፈልጉ፤ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን እስካሁን ደጋግመው ስላነበቡ ሩቅ አይሄዱም። ከዚያ ከአባቶች አንዱ ስለዚህ የጻፈውን ያንብቡ። አቧራ የለበሰውን ሃይማኖተ አበውን ከመደርደሪያ ያወረድኩት በዚህ ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጥያቄው በእጄ ነበረ። የአትናቴዎስን ቃል ሳነብ፣ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን ያው አባት መሆኑን እያሰብኩ አነብ ነበር።

ለጎረቤቴ መልስ ያገኘሁትም እዚሁ ነው። «በተለየ አካሉ» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በስብከት ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙን ግን አልያዝኩትም ነበር። ሥላሴ በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ናቸው፤ ሰው የሆነው ወልድ በተለየ አካሉ ነው እንጂ መለኮት ተከፍሎ አይደለም። በአንድ ቅዳሜ ቡና ስንጠጣ ይህን ለጎረቤቴ ነገርኩት። አላመነበትም፤ ያምንበታል ብዬም አልጠበቅኩም። «አሁን የምትሉት ገባኝ» አለኝ። ለዚያች ቃል የዓመታት ንባብ ቢወጣባት አይቆጨኝም።

የደሴ ሰው የትምህርተ ሃይማኖት ነገር ሩቅ አገር እንዳይመስለው አንድ ነገር ላስታውስ። ቦሩ ሜዳ ከከተማችን ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ባሉበት ሊቃውንቱ ተሰብስበው፣ ስለ ክርስቶስ ልደትና ቅብዐት ለረጅም ዘመን የቆየው ክርክር በተዋሕዶ ትምህርት የተቋጨው እዚያ ነው። ክርክሩ ከዞረባቸው ጥቅሶች አንዱ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 ነው፤ በዚያ ውስጥ «ቀባው» የሚለው ግሥ ምን ማለት እንደሆነ ነው ሊቃውንት ዘመናቸውን የፈጁበት። ምዕራፉን ከፍተው ያን ቁጥር ያንብቡና፣ በአንድ ግሥ ትርጓሜ ምክንያት አገር እንዴት ሊከፈል እንደቻለ ለመምህርዎ ጥያቄ አድርገው ያቅርቡ። ታሪኩን የሚያጠና ሰው ግን ሙሉውን ያጥና፤ ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በዐዋጅ ተገድደዋል፤ ያ ግዴታ በብዙ ቤተሰብ ላይ ያደረሰው ሐዘን የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። ከሙስሊም ዘመዶቹና ጎረቤቶቹ ጋር ለሚኖር የወሎ ክርስቲያን ይህን መሸፈን ተገቢ አይመስለኝም።

ዕድሜዬ አልፏል፣ አእምሮዬ አይቀበልም ለሚሉ

ይህን ቃል በየጊዜው እሰማለሁ። መልሴ ሁልጊዜ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ናቸው። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው ምእት ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ታላቅ ትምህርት ቤት ባደረጉት ገዳም፣ አባ ጊዮርጊስ ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ለትምህርት ገቡ። ገድላቸው እንደሚተርከው ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ብዙ አለቀሱ፤ እህል እየፈጩም ገዳሙን ያገለግሉ ነበር። እኒያ ትምህርት አልገባ ያላቸው ሰው በኋላ መጽሐፈ ምሥጢርን ደረሱ፤ የቤተ ክርስቲያናችንን የሰዓታት ጸሎትም አዘጋጁ። ሐይቅን በአውቶቡስ መስኮት እያዩ የሚያልፉ ሁሉ ይህን ቢያስቡ ደስ ይለኛል።

ማንበብ ለማይችሉ ደግሞ መስማት ንባባቸው ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ፍልሰታ ላይ በቤተ ክርስቲያን የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ለአርባ ዓመት ሰምታለች፤ እኔ ከመጽሐፍ እያነበብኩ አንድ ቃል ብዘል ዓይኗን ሳትገልጥ «መልሰህ በል» ትለኛለች።

ደብተር፣ ጓደኛና ስልክ

ደብተሩ ውድ መሆን አያስፈልገውም። የእኔ በሦስት ዓምድ የተሰመረ ነው፤ በመጀመሪያው ቀንና ምዕራፍ፣ በሁለተኛው ጥያቄ፣ በሦስተኛው መልሱና መልሱን የሰጠው መምህር ወይም መጽሐፍ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነባቸው ገጾች ብዙ ናቸው። ባዶ ይቆዩ፤ አራት ዓመት ባዶ ቆይቶ በአንድ ስብከት የሞላ አለ።

ብቻውን የሚያነብ ሰው ወይ ይሰላቻል ወይ ይታበያል። አራት ወይም አምስት ሆናችሁ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተገናኙ። አንድ ሕግ ብቻ ይኑራችሁ፦ ሳምንቱን ያላነበበ ሰው ይስማ እንጂ አይናገር። ይህ ሕግ ባልነበረን ጊዜ ስብሰባችን በአገር ወሬ ያልቅ ነበር።

ስልክን አልቃወምም፤ መጻሕፍትን በስልካቸው የሚያነቡ ወጣቶች አብረውን አሉ። አጫጭር ቪዲዮዎች ግን ብዙ ጉዳት አድርሰዋል። አንድ ጊዜ በስልክ የሰማሁትን የትርጓሜ ቃል ሳላጣራ ለጓደኞቼ ነግሬ፣ መምህራችን ያ ቃል በየትኛውም መጽሐፍ እንደሌለ ሲያሳዩን ያስከተልኳቸውን ሰዎች ይቅርታ ጠይቄአለሁ። ከዚያ ወዲህ ለሰማሁት ሁሉ ሁለት ጥያቄ አቀርባለሁ፦ ያስተማረው ማን ነው? መጽሐፉ የት ላይ ይላል?

ዓመታቱን ስለ ማዝለቅ

የቤተ ክርስቲያን ዓመት ራሱ የንባብ መርሐ ግብር ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሌላውን አቁመው የየሳምንቱን ወንጌል ይከተሉ፤ በመፃጉዕ ሳምንት ዮሐንስ 5ን፣ በደብረ ዘይት ማቴዎስ 24ን፣ በገብር ኄር ማቴዎስ 25ን፣ በኒቆዲሞስ ዮሐንስ 3ን። ሳምንቱን ሙሉ ያነበቡትን ወንጌል እሑድ በቅዳሴ ሲሰሙት እንግዳ አይሆንብዎትም። በፍልሰታ ውዳሴ ማርያምን ከነትርጓሜው፣ በነቢያት ጾም ኢሳይያስን ይያዙ።

ልብ የሚደርቅበት ጊዜም ይመጣል። እኔ አንድ ዓመት ሊሞላ እስኪል ድረስ ምንም ሳይሰማኝ አንብቤአለሁ። በዚያ ጊዜ አዲስ መጽሐፍ አልጀመርኩም፤ ምዕራፉን ወደ ግማሽ ቀነስኩት፣ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው፣ ከቁርባንም አልራቅኩም። አዲስ ዓመት ሲገባ ወደ ዮሐንስ መልእክት እመለሳለሁ፤ በየዓመቱ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ የዘንድሮው ጥያቄዬ ከአምናው ጋር አንድ ሆኖ አያውቅም።

ዓይን ሲደክም ደግሞ አስቀድሞ መዘጋጀት ይገባል። ትልቅ ፊደል ያለውን ዳዊት ዓይንዎ ገና ሳለ ይግዙ፤ ቦታውንም ይልመዱት። ከቤትዎ ልጆች ወይም ከልጅ ልጆችዎ አንዱን መርጠው ዛሬ ጀምሮ ምሽት ምሽት አንድ መዝሙር ያስነብቡት፤ ሲሳሳት ያርሙት፤ እርስዎ ማየት ሲያቅትዎ ያ ልጅ ቀጥ አድርጎ ያነብልዎታል።